ከአጥር ደጅ እስከ ምድጃ ዳር

በጎንደርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያም ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የዞረ ሰው ሁሉ ውሻን አስቀድሞ የሚያውቀው በበትሩ ጫፍ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጃፉ ሲቆም፣ ቁራሽ እንጀራ ይዛ ከምትወጣው እመቤት አስቀድሞ የሚቀበለው የግቢው ውሻ ነበርና፣ ጀርባን ለአጥር ሰጥቶ፣ በትርን በፊት እያወዛወዙ መለመንን ተማሪው የተማረው ከመምህሩ ሳይሆን ከዚያ እንስሳ ነው። እኔም ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነበርሁ፤ በግራ ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ያ ውሻ ግን ክፉ አልነበረም፤ የተሰጠውን ሥራ ይሠራ ነበር። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸውን ከመሠረቱበት ጊዜ ጀምሮ፣ በቀሃና በአንገረብ መካከል የተዘረጋችው ከተማ ቀን የመኳንንትና የካህናት ስትሆን ሌሊት የጅብ ነበረች። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ያየውን ሲጽፍ፣ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ የተገደሉት ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር በየመንገዱ ይጣል ስለ ነበር ጅቦች ከአካባቢው ተራሮች እየወረዱ ከተማዪቱን እንደ ሞሏት ይናገራል። የራሱ የአደን ውሾችም በአሽከሮቹ ቸልታ ሁለት ጊዜ ተፈትተው የሰው ራስና ክንድ በአፋቸው ይዘው ወደ ግቢው እንደ ገቡ፣ እርሱም ውሾቹን ከማጥፋት በቀር ሌላ መከልከያ እንዳልነበረው በምሬት ይተርካል። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር አያቶቻችን ውሻን ከቤታቸው መድረክ ያላሳለፉበት ምክንያት ይገባኛል፤ ውሻ የቤትንና የዱርን፣ የሕያዋንንና የሙታንን ወሰን የሚረግጥ ፍጥረት ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ብሂልም ለሌላ ምሳሌ ከመዋሉ በፊት የአጥር ነገር ነበረ።

ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንም ውሻን ከቅጽሩ ውጭ አቆመው። ሆኖም ይህችው ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ጦቢት፣ ጳጉሜን 3 ቀን ዝናሙን እንደ ጠበል የምንጠመቅለት መልአክ ሩፋኤል ከወጣቱ ጦብያ ጋር ሩቅ መንገድ በወጣ ጊዜ ውሻው እንደ ተከተላቸው፣ ሲመለሱም አብሯቸው እንደ ነበረ ይነግረናል። ውሻው ሌባ አላባረረም፤ አውሬም አልያዘም፤ ሄደ፣ ተመለሰም። መምህሬ ይህን ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ፣ ማለትም ያለ ጥቅም አብሮ መሄድ ስለ ምን በመጽሐፍ ተጻፈ የሚለውን፣ እስከ እርጅናዬ ተሸክሜው ኖርሁ።

በአገራችን ውሻን ለወዳጅነት ብቻ ማኖር በቤተ መንግሥት ታይቷል። ሉሉ የተባለው የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ቺዋዋ ከጌታው እግር ሥር የማይለይ ነበር፤ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢም የመቃብር ድንጋይ ቆሞለታል።

ወደ እኔ ቤት የመጣችው ደግሞ የፑድል ክልስ ናት። የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቅርጫት ይዛት መጣች፤ ሰፈሩም ወዲያው «ቡቺ» ብሎ ጠራት። ፑድል ዛሬ የእልፍኝ ውሻ ቢሆንም፣ ጥንት በጀርመንና በፈረንሳይ አገር የተመታ ዳክዬ ከውኃ የሚያወጣ አዳኝ ነበር፤ ጠጉሩ እየተሸለተ ደረቱና መገጣጠሚያው ላይ ብቻ የሚተውለትም ዋናው እንዲቀልለት፣ ብርድም እንዳይጎዳው ነበር። ጠጉሩ እንደ ሌላው ውሻ ስለማይረግፍ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ዋሊ ኮንሮን የተባለው ሰው፣ ባሏ የውሻ ጠጉር ለማይስማማው አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ለማግኘት ፑድልን ከላብራዶር ጋር አዳቀለ፤ በአሜሪካም ከትንንሾቹ ዝርያዎች ጋር ማዳቀሉ ከዚያ በፊት የተለመደ ነበር።

የማይረግፍ ጠጉር ግን ይጠላለፋል። ቡቺን ላበጥራት ብፈልግም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልጋ ሥር አልወጣ አለች፤ እኔም የለመድሁትን ትቼ፣ በትሩን ከግድግዳ አስደግፌ፣ ፊቴን አዙሬ ከመደቡ ላይ ዝም ብዬ መቀመጥ ጀመርሁ። በአምስተኛው ቀን አፍንጫዋ ተረከዜን ነካ። ከዚያ በኋላ የባለቤቴን ሚዶ ይዤ ከጆሮዋ በስተኋላ፣ ከብብቷም ሥር የተቋጠረውን ጠጉር ጥቂት በጥቂት ስፈታ፣ ሚዶው ሲይዝባት እጄን በጥርሷ ያዝ ታደርግና ሳትነክስ ትለቀኛለች። ሰባ ዓመት ውሻን ሳውቅ ኖሬ፣ ጥርስ እንዲህ ያለ ቋንቋ እንዳለው አላወቅሁም ነበር።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። በ1876 ዓ.ም. ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ተዛምቶ ነበር፤ በሽታው ዛሬም አለ። በውሾች በኩል የሚተላለፈው ይኸው ደዌ፣ ሳይንሳዊ ስሙን ከስሜን የወሰደውንና በመላው ኢትዮጵያ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሶች የቀሩትን ቀይ ቀበሮ ያሰጋል። ቡቺ ተከትባለች። በስሜን ተራሮች ከእረኛ ጋር በብርድ የሚያድረው፣ ከእኔም አጥር ውጭ የሚተኛው የሐበሻ ውሻ ግን ከእርስዋ ይልቅ ክትባቱ የሚያስፈልገው ነውና፣ ባለፈው ሳምንት የአጥሬን ደጅ ውሻ በገመድ ይዤ ወሰድሁት፤ መንገዱን ሁሉ ሲጎትተኝ ዋለ።

ሌሊት ጅብ ከአንገረብ በኩል ሲጮህ፣ እርሱ ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ ይመልስለታል፤ እርስዋ ደግሞ ከምድጃው ዳር ትነሣና ከጋቢዬ ሥር ትገባለች። ልቧ በጠባሳው ላይ ሲመታ ይሰማኛል።