ወፍ ሲንጫጫ፣ ወፍ ሲዘምር

አያቶቻችን ንጋትን የሚለዩት በጆሯቸው ነበር። «ዶሮ ሲጮህ ተነሣሁ»፣ «ወፍ ሳይንጫጫ መንገድ ገባሁ» ሲባል ሰሚው ጨለማው ምን ያህል እንደሳሳ ይገባዋል። ልብ እንበል፤ በዚህ አነጋገር ዶሮ ይጮኻል፣ ወፍ ይንጫጫል እንጂ የሚዘምር የለም። ዛሬ ግን ከተማሪ ድርሰት እስከ ሬዲዮ ትረካ «የአእዋፍ ዝማሬ» የሌለበት ማለዳ ማግኘት ይቸግራል። ቃሉ ከወዴት ተነሥቶ ነው ቅርንጫፍ ላይ ያረፈው?

«ተንጫጫ» የወፏን ድምፅ የቀዳ ቃል ነው። ጫጫታ ዘመዱ ነው፤ ጫጩትም ከዚያው ጎጆ የወጣች ትመስለኛለች። አማርኛችን ደግሞ ተንኮል አያጣም። «ወፍ ጭጭ ሲል» ብሎ ንጋትን ያበስራል፤ ዞር ብሎ ልጁን «ጭጭ በል!» ይለዋል።

ዝማሬ የመጣው ከሩቅ ነው። ሥሩ «ዘመረ» የሴም ቋንቋዎች የጋራ ርስት ነው። በመስጴጦምያ የሸክላ ጽሑፎች ውስጥ በአካድኛ «ዘማሩ» ማለት መዝፈን ነው። ዕብራይስጡ ከዚሁ ሥር «ሚዝሞር» ብሎ የዳዊትን መዝሙር ይጠራበታል፤ ዐረብኛው ወደ እስትንፋስ አዘንብሎ የሚነፋውን መሣሪያ «ሚዝማር» ይለዋል። በግዕዝ ቃሉ ቤተ መቅደስ ገባ። ከድጓ፣ ከጾመ ድጓ፣ ከምዕራፍና ከመዋሥዕት ጋር ከቅዱስ ያሬድ አምስት የዜማ መጻሕፍት አንዱ «ዝማሬ» ይባላል፤ ከቁርባን በኋላ የሚዜመው ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት መምህራን የሚመሰክሩበት ጉባኤ ቤት የሚገኘው ጋይንት ውስጥ ዙር አባ ነው። ለዶሮ ግን ግዕዝ ሌላ ግስ ነበረው፤ «ነቀወ» ይላል። የዶሮን ንቅወትና የካህንን ዝማሬ አንድ ላይ አላሰረም። «ነቀወ» ዛሬ ከቅኔ ማሕሌቱ ወጥቶ ገበያ የሚውል ቃል አይደለም።

ታሪኩ የሚጠመዘዘው እዚህ ላይ ነው። የያሬድ ገድል በስድስተኛው መቶ ዘመን፣ በአክሱም፣ ሦስት አእዋፍ ከገነት ተልከው በሰው ልሳን እንዳነጋገሩትና ዜማ ወደሚሰማበት ሰማያዊ ሥፍራ እንደወሰዱት ይተርካል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎችም ከዚያ መጡ ይላሉ ሊቃውንቱ። በትውፊቱ መሠረት እንግዲህ ለካህኑ የዜማ መንገድ ያሳዩት ወፎች ናቸው። ዘመናዊው ጸሐፊ «ወፎች ዘመሩ» ሲል፣ ሳያውቀው የቆየ ብድር እየመለሰ ነው። በዚህ ዓይን ሳየው ቃሉን መንቀፍ ይከብደኛል። ቅሬታዬ «ተንጫጫ» ገጠሬ ተደርጎ ከጽሑፋችን በመገፋቱ ላይ ነው። ወፎች በማለዳ የሚያደርጉትን ያ ቃል ይበልጥ ያውቀዋል፤ ሽሚያውን፣ ጥሪውን፣ «ይህ ዛፍ የኔ ነው» ማለቱን ሁሉ።

አሁን በኮንዶሚኒየም የሚያድጉ ልጆቻችን ብዙ ጊዜ ወፍ የሚሰሙት ከስልክ ማንቂያ ነው። ድምፁ የጠራ ነው፤ በእርግጥም ዝማሬ ይመስላል። ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሞሉት ያኔውኑ ይዘምራል፤ ውጭ ዛፉ ላይ ያለችው ወፍ ገና ጭጭ እንዳለች።