ቁጥር ሲመሰክር

አባቶቻችን ግራ ቀኙን ሳይሰሙ፣ ምስክርም ሳይመረምሩ አይፈርዱም ነበር። ቁጥርን እንደ ምስክር እየመረመረ ስለኖረ አንድ መጽሔት ታሪክ በአጭሩ እንነግራችኋለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1930 መጨረሻ በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ የተሰበሰቡ ምሁራን የኢኮኖሜትሪክስ ማኅበርን መሠረቱ። ኢኮኖሜትሪክስ ማለት የኢኮኖሚን ሐሳብ በሒሳብና በስታቲስቲክስ መመርመር ነው። አልፍሬድ ካውልስ የተባሉ ባለ ሀብት በገንዘብ ስለረዱ፣ «ኢኮኖሜትሪካ» የተባለው መጽሔት በ1933 መታተም ጀመረ። የመጀመሪያው ዋና አዘጋጅ ኖርዌያዊው ራግናር ፍሪሽ ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1969 በኢኮኖሚ ትምህርት የተሰጠውን የመጀመሪያ የኖቤል ሽልማት ከያን ቲንበርገን ጋር ተካፍለዋል።

ሙያው ከገጠሙት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ በጥሩ ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪዎች ቢበዙ፣ ያጎበዛቸው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ መርጦ ያስገባቸው ቤተሰብ? በ1994 ጊዶ ኢምቤንስና ቀደም ሲል በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጆሽዋ አንግሪስት በዚሁ መጽሔት አንድ መንገድ አሳዩ። ሰው ሳይመርጠው በአጋጣሚ የደረሰበት ነገር ምክንያትን ከውጤት ለመለየት ይረዳል። ሁለቱም በ2021 ከዴቪድ ካርድ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል? በግንቦት ወር 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ውስጥ እስራኤል ገቡ። ማን በየትኛው መርካዝ ክሊታ እንደሚያርፍ አልመረጥንም፤ የልጆቻችን ትምህርት ቤትም በዚያው ተወሰነ። ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤሌ ፓሰርማን ይህንኑ አጋጣሚ መርምረው ውጤቱን በ2004 በሌላ መጽሔት አሳተሙ። በተሻለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጀመሩት ልጆቻችን ከትምህርት የማቋረጣቸው ዕድል አነስተኛ ሆኖ፣ ባግሩትን የማለፋቸው ዕድል ደግሞ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

እነዚያ ልጆች ከአንድ አገር፣ በአንድ ዘመቻ የመጡ ነበሩ። የለያያቸው የገቡበት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ወደ ኋላ ሲቀር «ከቤቱ ያመጣው ነው» ብሎ መፍረድ ግማሹን ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ ነው።

በእርግጥ አማካይ ቁጥር ስለ እያንዳንዱ ልጅ አይናገርም። ነገር ግን ወላጆች ሆይ፣ ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁም አስተርጓሚ ይዛችሁ ትምህርት ቤቱን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጠይቁ። ቁጥሩ ከእናንተ ጋር ይመሰክራል።