የጠቋሚ ክትትል በስክሪን ሪደር

የጠቋሚ ክትትል የስክሪን ሪደር፣ ማለትም በኮምፒውተር ማያ ገጽ ላይ ያለውን ለዓይነ ስውራን በድምፅ ወይም በብሬይል የሚያቀርብ ሶፍትዌር፣ የትኛውን እንቅስቃሴ ተከትሎ እንደሚያነብ የሚወስን ቅንብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያዊው ማይክል ከረን የተጀመረውና በነጻ የሚሰራጨው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር፣ ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የመቃኛ ጠቋሚ የሚያቀርብ ሲሆን፣ ይህም ጽሑፍ የሚገባበትን ቦታ ሳይለውጥ በማያ ገጹ ላይ ያለውን በፊደል፣ በቃል ወይም በመስመር ለመመርመር ያስችላል።

የመቃኛ ጠቋሚው ሦስት ነገሮችን እንዲከተል ሊደረግ ይችላል፦ ትኩረትን፣ ማለትም የቁልፍ ሰሌዳ ትእዛዝ የሚቀበለውን ክፍል፤ የጽሑፍ ጠቋሚን፣ ማለትም የሚጻፈው ፊደል የሚያርፍበትን ነጥብ፤ እንዲሁም ማውስን። ትኩረትንና የጽሑፍ ጠቋሚን መከተል ከመነሻው የበራ ሲሆን፣ የኤንቪዲኤን ቁልፍ (በተለምዶ ኢንሰርት) ይዞ ለመጀመሪያው 7ን፣ ለሁለተኛው 6ን በመጫን ማጥፋትና መልሶ ማብራት ይቻላል፤ ማውስን መከተል ግን ተጠቃሚው በቅንብሮች ውስጥ እስኪያበራው ድረስ ጠፍቶ ይቆያል። ክትትሉ ሲጠፋ የመቃኛ ጠቋሚው በተቀመጠበት ስለሚጸና፣ ተጠቃሚው በአንድ ቦታ እየጻፈ በሌላ ቦታ የሚለዋወጥን መልእክት በየጊዜው ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ቅንብር ከመሠረታዊ ትምህርቶች ጋር አብረው ሊያስተምሩት ይገባል።