የሞተር ኮንታክተር አመራረጥ በጎጃም ደጋ

ኮንታክተር ከፍተኛ ከረንት የሚወስድ ሞተርን በትንሽ የትእዛዝ ከረንት የሚያስነሳና የሚያቆም፣ በኤሌክትሮማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ነው። ኮይሉ ኃይል ሲያገኝ ተንቀሳቃሹን ብረት ወደ ቋሚው ይስባል፤ ከብረቱ ጋር የተያያዙት ዋና ኮንታክቶችም ገጥመው ሦስቱን ፌዝ ወደ ሞተሩ ያሳልፋሉ። ኃይሉ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ መልሶ ይለያያቸዋል። በስታርት ቁልፍ የሚነሳና በራሱ ረዳት ኮንታክት የሚያዝ ኮንታክተር፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰው ቁልፉን ካልተጫነ ሞተሩን አያስነሳም። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ፣ ሞተሩ ቆመ ብሎ እጁን ወደ ወፍጮ ላስገባ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በእጅ የሚመታ ማብሪያ እንዲህ ያለ ጥበቃ አይሰጥም።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ኮንታክተር በብዛት የሚገኘው በእህል ወፍጮ ቤቶች፣ በውኃ ፓምፖችና በእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ነው። በ2013 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስና በቡሬ የተመረቁት የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ደግሞ የአካባቢውን የሞተር ቁጥጥር ሥራ ወደ ሌላ ደረጃ አሳድገውታል። ፋብሪካ የራሱ መሐንዲስ አለው፤ የወፍጮ ባለቤት ግን የሚተማመነው በሱቅ ሻጩና በአካባቢው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ስህተቱም ጉዳቱም ይበልጥ የሚታየው በወፍጮ ቤት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሚመጣው ኮንታክተሩ ላይ ከታተመው የአምፔር ቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይ.ኢ.ሲ. 60947-4-1 ኮንታክተሮችን እንደ ሥራቸው ዓይነት ይመድባል። ኤሲ-1 እንደ ማሞቂያ ላለ፣ ሲነሳ ከረንቱ ለማይዘል ጭነት ነው። ኤሲ-3 ተራውን ሞተር አስነስቶ፣ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ሲሠራ ለሚያቆም ነው። ኤሲ-4 ሞተሩን ገና ሲነሳ ደጋግሞ ለሚቆርጥ ወይም እየዞረ ሳለ አቅጣጫውን ለሚገለብጥ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው እትም ሲነሱ ይበልጥ ከረንት ለሚስቡት ቆጣቢ ሞተሮች ኤሲ-3ኢ የሚል ምድብ ጨምሯል። ያው አንድ ኮንታክተር በኤሲ-1 50 አምፔር፣ በኤሲ-3 ግን 32 አምፔር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ባለ 50 ነው» ሲል ገዢው በየትኛው ምድብ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ለሞተር የሚያገለግለው የኤሲ-3 ቁጥር ነው።

ሞተር በገበያ የሚጠራው በፈረስ ጉልበት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 0.746 ኪሎ ዋት ስለሆነ ባለ 20 የፈረስ ጉልበት የወፍጮ ሞተር 15 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል፤ በ380 ቮልት ሲሠራም 29 አምፔር ያህል ይወስዳል። በቀጥታ የሚነሳ ከሆነ በኤሲ-3 ባለ 32 አምፔር ኮንታክተር ይበቃዋል። የመነሻ ከረንትን በሚቀንሰው በስታር ዴልታ ሲነሳ የዋናውና የዴልታው ኮንታክተር ድርሻ የሞተሩ ከረንት 58 በመቶ፣ ማለትም 17 አምፔር ነው፤ የስታሩ 33 በመቶ፣ 10 አምፔር ገደማ ይሆናል። ይህ ስሌት ለመነሻ ያህል ነው፤ የመጨረሻው ዳኛ ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ነው። በተለይ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ የውኃ ፓምፕ ሞተር እኩል ኪሎ ዋት ካለው ተራ ሞተር የበለጠ ከረንት ስለሚወስድ በሰንጠረዥ መመራት አያዋጣም።

ከፍታ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ በኮንታክቶች መካከልም የኤሌክትሪክ መከላከል አቅሙ ይቀንሳል። በየደረጃቸው የተቀመጠው መደበኛ ወሰን ለኮንታክተር 2,000 ሜትር፣ ለሞተር 1,000 ሜትር ነው። ሆኖም የደጋው ቅዝቃዜ የጉዳቱን ከፊል ይክሳል፦ ደረጃው እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ታሳቢ ሲያደርግ የደብረ ማርቆስ ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ በ20ዎቹ ውስጥ ነው። ቅዝቃዜው የማይክሰው የመከላከል አቅሙን ነው። ለዚህም በ3,000 ሜትር ከፍታ በአየር ውስጥ ያለው ክፍተት በ1.14 ተባዝቶ እንዲሰፋ ይጠየቃል። ብዙ አምራቾች እስከ 3,000 ሜትር ያለ ቅናሽ እንደሚሠራ በካታሎጋቸው ይጽፋሉ፤ ሌሎች ከ2,000 ጀምረው ይቀንሳሉ። ካታሎጉ ዝም ካለ አንድ መጠን ከፍ ያለውን መግዛት ተገቢ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ግን ፓኔሉን ይፈትነዋል።

በዚህ ደጋ ኮንታክተርን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ግን ከፍታ ሳይሆን የቮልቴጅ መውረድ ነው። ደረጃው የኤሲ ኮይል ከተጻፈበት ቮልቴጅ ከ85 እስከ 110 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲስብ ያዛል፤ ለባለ 220 ቮልት ኮይል ዝቅተኛው 187 ቮልት ነው። ከትራንስፎርመር ርቆ በቀጭን መስመር የሚሠራ ወፍጮ ሲነሳ ከመደበኛው 6 ወይም 7 እጥፍ ከረንት ይስባል፤ በዚያችው ቅጽበት ቮልቴጁ ይወድቃል። ኮይሉ ብረቱን አጥብቆ መያዝ ያቅተውና ኮንታክተሩ ይንቀጠቀጣል። በእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት የማስነሻው ከረንት በእሳት ብልጭታ ይቆረጣል፤ የብር ቅይጡ ይቀልጥና ኮንታክቶቹ ይጣበቃሉ። ከዚያ ወዲያ ስቶፕ ቢጫኑትም ሞተሩ አይቆምም። ብረቱ ሙሉ በሙሉ ካልገጠመም ኮይሉ ከልኩ እጅግ የበዛ ከረንት እየወሰደ ይቃጠላል።

ብዙዎች ይህን ሲያዩ «ኮንታክተሩ አንሶ ነው» ብለው ትልቅ ይገዛሉ። ትልቁም ኮይል በዚያው የወደቀ ቮልቴጅ ላይ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ ገንዘቡ ብቻ ይባክናል። መፍትሔው ወፍራም ኬብል፣ ስታር ዴልታ ወይም ሶፍት ስታርተር፣ አለዚያም በሰፊ የቮልቴጅ ክልል የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ኮይል ያለው ኮንታክተር ነው። የኤሌክትሮኒክ ኮይሉ ዋጋ ቢወደድም አንድ የተቃጠለ ሞተር ከማስጠቅለል ይሻላል።

ኮይሉ ባለ 220 ይሁን ባለ 380 የሚለውም መታሰብ አለበት። ባለ 220 በፌዝና በኒውትራል መካከል ይሠራል፤ ኒውትራሉ ከላላ ቮልቴጁ ወዲህና ወዲያ ይዋልላል። ባለ 380 በሁለት ፌዝ መካከል ስለሚሠራ የኒውትራል ችግር አይነካውም፣ ከሁለቱ አንዱ ሲጠፋም ሊለቅ ይችላል። በገጠር መስመር ላይ ስለዚህ ባለ 380 ይመረጣል፤ ነገር ግን የትእዛዝ መስመሩ በሁለቱም ፌዝ ላይ ፊውዝ ይፈልጋል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ኮይል በአገራችን 50 ኸርዝ ላይ ከልክ በላይ ስለሚሞቅ መግዛት አይገባም።

ኮንታክተር ብቻውን ሞተርን አይጠብቅም፤ ኦቨርሎድ ሪሌይና ፊውዝ ወይም ብሬከር ያስፈልገዋል። ሪሌዩ ፌዝ ሲጎድል ቶሎ የሚቆርጥ ዓይነት መሆን አለበት። ከባድ ድንጋይ የሚያዞር ወፍጮ ፍጥነት እስኪይዝ ስለሚቆይ ከመቁረጫ ክፍል 10 ይልቅ ዘግይቶ የሚቆርጠው ክፍል 20 ይስማማዋል። በስታር ዴልታ ሪሌዩ ከዋናው ኮንታክተር ሥር ሲገጠም በሰሌዳው ከረንት 58 በመቶ ይስተካከላል፤ ለ29 አምፔር ሞተር 17 ላይ። በስህተት 29 ላይ የተተወ ሪሌይ ሞተሩ እየተቃጠለ እንኳ ላይቆርጥ ይችላል።

የዱቄት ብናኝ በማግኔቱ ፊት ላይ ሲከማች ኮንታክተሩ ያጉረመርማል፣ ይሞቃልም። ፓኔሉ ቢያንስ አይፒ 54 በሆነ ሳጥን ውስጥ፣ ቢቻል ከመፍጫው ክፍል ውጭ ይቀመጥ፤ አየር ላይ የተንሳፈፈ ዱቄት በእሳት ብልጭታ ሊነድ ይችላልና። ማግኔቱ መብራት ተቆርጦ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። የጠቆረ የብር ኮንታክት ግን በሞረድ አይሞረድም፤ ጥቁረቱ ከረንት ያሳልፋል፣ ሞረዱ የሚበላው ዕድሜውን ነው። ኮንታክቱ ሳስቶ መያዣው ብረት መታየት ሲጀምር ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ።