ስለ ደመራ በዓል መነሻና ሥርዓት

ደመራ የሚለው ስም «ደመረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ጨመረ፥ አንድ አደረገ ማለት ነው። ስሙ እንደሚያስረዳ ይህ እሳት አንድ ሰው ብቻውን የሚያነደው አይደለም፤ በየቤቱ የታሰረው ችቦ ካንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚቆም ነው እንጂ።

መነሻውም እንዲህ ነው። መስቀለ ክርስቶስ በኢየሩሳሌም በጥራጊ ክምር ተደፍኖ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት የቈስጠንጢኖስ እናት ንግሥት እሌኒ ልትፈልገው ሄደች። ኪራኮስ የሚባል ሽማግሌ በመከራት ጊዜ እንጨት አስደምራ፥ ዕጣን ጨምራ ብታስነድድ፥ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመለሰና መስቀሉ ባለበት ላይ ሰገደ ይላል ትውፊቱ። ቍፋሮው መስከረም 17 ቀን ተጀምሮ መስቀሉ መጋቢት 10 ቀን ተገኘ። መጋቢት 10 በዐቢይ ጾም ስለሚውል፥ በጎልጎታ የታነጸውም ቤተ ክርስቲያን በአውሮጳ አቈጣጠር በ335 ዓ.ም. በመስከረም ወር ስለ ከበረ፥ ታላቁ በዓል መስከረም 17 ቀን ይከበራል።

ክረምቱ አልፎ ዐደይ አበባ መስኩን ሲያለብሰው፥ ከጎንደር በታች ባለው በደንቢያ ሜዳ በኮላ ድባም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ምድር ደመራው ይቆማል። በመካከሉ ረዥም ምሰሶ ይተከላል፤ ችቦው በዙሪያው ይደገፋል። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፥ ሕዝቡም ሦስት ጊዜ ዞሮ እሳቱ ይለኰሳል፤ በአንዳንዱ አገር በ16 ማታ፥ በአንዳንዱ በ17 ማለዳ ነው። ምሰሶው የወደቀበትን አቅጣጫ አይቶ ስለ መጪው ዓመት መናገር የቈየ ልማድ ነው። ከዐመዱም በግንባር ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጉበታል።

በእሳት መታሰቢያ ማድረግ የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1605 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ጋይ ፎክስና ባልንጀሮቹ ከሃይማኖት ጠብ የተነሣ ከምክር ቤቱ ሥር ባሩድ ሸሽገው ንጉሥ ጄምስን ሊያጠፉ ሲሉ ተያዙ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ቀን እሳት ያነዳሉ፤ በብዙ ስፍራም የፎክስን ምስል ከጨርቅና ከገለባ ሠርተው ያቃጥላሉ።

ያ እሳት የከሸፈ ሤራ መታሰቢያ ሲሆን፥ ደመራ ግን ጠፍቶ የተገኘ ነገር መታሰቢያ ነው፤ በውስጡም የማንም ጠላት ምስል አይነድም። እንዲያውም ሽማግሎች የተጣሉትን በዚህ በዓል ያስታርቃሉ። በ2006 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የመስቀልን በዓል በማይዳሰሱ የዓለም ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሲጽፈው፥ ይህ የዕርቅ ልማድ አብሮ ተጠቅሷል። እንግዲህ በልቡ ቂም ይዞ ችቦውን ከባላጋራው ችቦ አጠገብ የሚያቆም ሰው፥ እንጨቱን ደመረ እንጂ ራሱን አልደመረም።