የፖርሼ 911 ጎማና ቸርኬ፦ ከ15 እስከ 21 ኢንች

ፖርሼ 911 በ1964 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሽቱትጋርት፣ ዙፈንሃውዘን ከሚገኘው ፋብሪካ መውጣት ሲጀምር ቸርኬው ተራ የብረት ቸርኬ፣ ጎማውም ቀጭን ነበር። የቸርኬው ዲያሜትር 15 ኢንች፣ ስፋቱ 4.5 ኢንች ሲሆን የጎማው ስፋት 165 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ዛሬ ይህን ያህል ቀጭን ጎማ የሚገጠመው ለትንንሽ የቤት መኪና ነው። አራቱም ጎማዎች እኩል ነበሩ። በ2018 መጨረሻ የታየው ስምንተኛው ትውልድ 911 ካሬራ ኤስ ግን ከፊት 20 ኢንች፣ ከኋላ 21 ኢንች ቸርኬ ያለው ሲሆን የኋላው ጎማ ስፋት 305 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ የፋሽን ጉዳይ ተደርጎ ይወራል። ፋሽን ግን የገባበት ዘግይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት መጠኑን ሲወስኑ የኖሩት ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተርና ከዓመት ዓመት እየተለቀ የሄደው ፍሬን ናቸው።

ነገሩን ለመከተል በጎማ ጎን ላይ የሚታተመውን ጽሑፍ ማወቅ ይጠቅማል። «215/60 ቪአር 15» በሚለው ውስጥ 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 60 የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል፤ በዚህ ስሌት ጎኑ 129 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «ቪ» ጎማው የሚችለውን ፍጥነት፣ «አር» ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የተዘረጉበትን የራዲያል አሠራር፣ 15 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይነግራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በሚሠራ ታክሲ ጎማ ላይ የሚነበበውም በዚሁ ሥርዓት የተጻፈ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመቶኛው ቁጥር አይጻፍም ነበር። የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 80 በመቶ ገደማ መሆኑ እንደ ደንብ ይታወቅ ስለነበር የመጀመሪያው 911 ጎማ «165 ኤችአር 15» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። «ኤች» በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ የ130 ፈረስ ጉልበቱ 911 ከፍተኛ ፍጥነትም ልክ 210 ነበር።

ከ911 በፊት የነበረው ፖርሼ 356 በመጀመሪያ ዓመታቱ 16 ኢንች ቸርኬ ላይ ይሄድ ነበር። በ1955 ማሻሻያው ሲመጣ ቸርኬው ወደ 15 ኢንች ዝቅ ብሎ በምትኩ ሰፋ። ያኔ የዘመናዊነት ምልክቱ አነስ ያለ ቸርኬ ነበር ማለት ነው። 911 የወረሰው ይህንን ልክ ነው። ከዚሁ ጋር የ356ን አቀማመጥም ወረሰ፤ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች መስመር ወዲያ ማዶ ተቀምጧል። ከመኪናው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ስለዚህ በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል።

ይህ አቀማመጥ ጥቅም አለው፤ መኪናው ሲነሳ የኋላ ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። ችግሩ ኩርባ ላይ ነው። ነጂው በፍጥነት ገብቶ ድንገት ነዳጅ ሲለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላቸዋል፣ የመኪናው ጭራ ወደ ውጭ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ 911ዎች በዚህ ጠባይ ክፉኛ ታምተዋል። ፋብሪካው መጀመሪያ የወሰደው መፍትሔ ዛሬ ሲሰሙት ያስገርማል፦ በፊተኛው ፓራውልት ሁለት ጫፎች ውስጥ እያንዳንዳቸው 11 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ክብደቶች ተደበቁ። መኪናን ለማቅለል ሌት ተቀን በሚደከምበት መሥሪያ ቤት 22 ኪሎ የሞተ ክብደት መጨመር ችግሩ ምን ያህል እንዳስጨነቀ ይመሰክራል።

በ1966 የወጣው 911 ኤስ ሞተሩ 160 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቱ 225 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ለ«ኤች» ጎማ ይህ ከልክ በላይ ስለሆነ በዚያን ጊዜ ከ210 በላይ ለሚሄዱ የተመደበው «ቪ» ጎማ ተገጠመለት። ከዚሁ መኪና ጋር የመጣው ግን ከጎማው ይበልጥ የሚታወሰው ባለ አምስት ቅጠል ቸርኬ ነው። ማይነርትስሃገን ከተማ የሚገኘው የኦቶ ፉክስ ፋብሪካ ቸርኬውን የሠራው አሉሚኒየም በሻጋታ አፍስሶ ሳይሆን ቀጥቅጦ ነው። የተቀጠቀጠ ብረት ከፈሰሰው ይልቅ ስለሚጠነክር ሳስቶ መሠራት ይችላል። ቸርኬ፣ ጎማና ፍሬን ከአሞርዛተሩ በታች ያለ ክብደት ናቸው፤ ይህ ክፍል በቀለለ ቁጥር ጎማው የመንገዱን ጉድጓድና ጉብታ እየተከተለ ከመሬት ሳይለይ ይሄዳል። የፉክስ ቸርኬ በመልኩ የተወደደ ቢሆንም የተሠራበት ምክንያት ይህ ነው። ስፋቱ ግን መጀመሪያ ላይ ያው 4.5 ኢንች ነበር።

በፓራውልቱ ውስጥ የተደበቁትን ክብደቶች ለማውጣት ያስቻለው ለውጥ በ1968 መጸው መጣ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከ2211 ወደ 2268 ሚሊ ሜትር አደገ። ሞተሩ ባለበት ቆይቶ የኋላ ጎማዎች 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ስለሄዱ ከጎማው ወዲያ የተንጠለጠለው ክብደት ተጽዕኖው ቀነሰ። ባትሪውም ለሁለት ተከፍሎ በፊተኛው አፍንጫ ግራና ቀኝ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ኤስ 6 ኢንች የሚሰፋ ቸርኬና 185/70 ጎማ አገኘ። የጎማው ጎን ማጠር የጀመረው ከዚህ ነው።

ትልቁ እጥፋት የ1972ቱ ካሬራ አርኤስ 2.7 ነው። ፖርሼ ለውድድር ደንብ ሲል 500 መኪና ለመሥራት አስቦ ገበያው ስለወደደው 1580 ሠራ። ብዙ ሰው ይህን መኪና የሚያስታውሰው ከኋላ በተሰቀለችው የዳክዬ ጭራ መሳይ ክንፍ ነው። ለጎማ ታሪክ ግን የሚበልጠው ከክንፉ በታች ያለው ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ በቀረበ 911 ላይ የፊትና የኋላ መጠን ተለያየ። ከፊት 6 ኢንች ቸርኬ ከ185/70 ጎማ፣ ከኋላ 7 ኢንች ቸርኬ ከ215/60 ጎማ። ይህ እንዲገባ የኋላው አካል 42 ሚሊ ሜትር ሰፋ።

የኋላውን ብቻ ማስፋት ለምን አስፈለገ? ጎማ የተጫነበት ክብደት እጥፍ ሲሆን መሬት የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም፤ ክብደት በጨመረ ቁጥር ከእያንዳንዱ ኪሎ የሚገኘው አቅም እያነሰ ይሄዳል። በ911 ደግሞ አብዛኛውን ሸክም የሚችሉት የኋላዎቹ ናቸው። አራቱም እኩል ሲሆኑ ኩርባ ላይ ቀድመው አቅም የሚያልቅባቸው እነሱ ይሆናሉ። ኋላውን ማስፋት ሚዛኑን ወደ ደህናው አቅጣጫ ይመልሳል፤ ሰፊ ጎማ መሬት የሚነካበት ገጽ አጭርና ሰፊ ስለሚሆን በጎን ኃይል ሲገፋ የሚጣመመውም ያነሰ ነው። አራቱንም እኩል ማስፋት መኪናውን በኩርባ ያፈጥነዋል እንጂ ሚዛኑን አያስተካክለውም። ሰፊ ጎማ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ መሪ ይከብዳል፣ ዝናብ ላይም ጎማው ውኃውን ቀዶ መሬት ከመንካት ይልቅ በላዩ መንሳፈፍ ይቀናዋል። ያም ሆኖ ከአርኤስ በኋላ የኋላ ጎማን ከፊተኛው ማስፋት የ911 መታወቂያ ሆነ፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ከክንፉ የሚበልጥ ውርስ ነው።

በ1974 በፓሪስ ትርኢት 911 ቱርቦ ቀረበ፤ 260 የፈረስ ጉልበት፣ 7ና 8 ኢንች የሚሰፉ ቸርኬዎች። በዚያው ዘመን የጣሊያኑ ፒሬሊ ለላንቺያ ስትራቶስ የራሊ መኪና ያበጀውን ፒ7 ጎማ ወደ ገበያ አመጣ። የጎኑ ከፍታ የስፋቱ ግማሽ ብቻ ነበር። በብረት ክሮቹ ላይ በዙሪያው የተጠቀለለ የናይሎን ክር ስለነበረው በከፍተኛ ፍጥነት ቅርጹን አይለቅም። ቱርቦም ብዙ ሳይቆይ ከፊት 205/50፣ ከኋላ 225/50 የሆነውን ፒ7 ማድረግ ጀመረ። እዚህ ላይ ያልታሰበ ሒሳብ ተነሣ። 215/60 ጎማ በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ጠቅላላ ዲያሜትሩ 639 ሚሊ ሜትር ነው፤ 225/50 ግን 606 ብቻ። ጎማው ሲያጥር መኪናው ወደ መሬት ይወርዳል፣ በአንድ ዙር የሚሄደውም መንገድ 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ማርሽ ያጠረ ያህል ነው።

መልሱ ቸርኬውን ማሳደግ ሆነ። ለ1978 የወጣው ባለ 3.3 ሊትር፣ ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ቱርቦ 16 ኢንች ቸርኬ ለበሰ፤ 225/50 በ16 ኢንች ላይ 631 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የጠፋው ቁመት ተመለሰ። ለፍሬኑም ቦታ ተገኘ። በ1970ና በ1971 የ«ለ ማን» ውድድርን ካሸነፈው የፖርሼ 917 መኪና የተወሰዱት ባለ አራት ፒስተን ፍሬኖችና የተበሳሱ ዲስኮች የተገጠሙት በዚሁ መኪና ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተከተለው ሁሉ የዚህ ድግግሞሽ ነው ቢባል ብዙ ስህተት አይሆንም፦ ፍሬኑ ያድጋል፣ ቸርኬው ይከተለዋል፣ የጎማው ጎን ይሳሳል፣ ጠቅላላው ቁመት ባለበት ይቆያል።

በ1980ዎቹ 450 የፈረስ ጉልበት የነበረው የፖርሼ 959 መኪና 17 ኢንች የማግኒዚየም ቸርኬ ይዞ መጣ። የቸርኬው ቅጠሎች ውስጣቸው ባዶ ሲሆን የጎማውን ንፋስ የሚለካ መሣሪያም ነበረው። በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ንፋስ የጎደለው ጎማ ሞት ስለሆነ ይህ ቅንጦት አልነበረም። በ1995ቱ ቱርቦ ቸርኬው 18 ኢንች፣ የኋላው ጎማ 285/30 ሆነ። ይህን ከ1964ቱ ጋር ማነጻጸር ጠቅላላውን ጉዞ ያሳያል። የጎማው ጎን ከ132 ወደ 85 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርዷል፤ ጠቅላላ ዲያሜትሩ ግን 645 የነበረው 628 ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጎማው ከውጭ ሲለካ አላደገም፤ ላስቲክ በነበረበት ቦታ ብረት ገባበት።

ከ2004 ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ካሬራ ኤስ 19 ኢንች ሲያደርግ የኋላው ጎማ ቁመት 660፣ ቀጥሎ በመጣው ትውልድ 20 ኢንች ሲሆን 685፣ በ2018ቱ 21 ኢንች ሲሆን 716 ሚሊ ሜትር ደረሰ። መኪናውም ራሱ አብሮ አድጓል፤ 1080 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረው ካሬራ ኤስ ላይ ከ1500 በላይ ሆኗል። የፍሬን ምክንያት አሁንም አለ፤ 410 ሚሊ ሜትር የሚሆነው የሴራሚክ ዲስክ ከጥንቱ 911 ቸርኬ፣ ከ1978ቱ ቱርቦ ቸርኬም ይበልጣል። የኋላው ጎማ ከፊተኛው መተለቁም ምክንያት አለው፤ ትልቅ ዲያሜትር መሬት የሚነካውን ገጽ ስለሚያስረዝም መኪናው ሲነሳ ይጠቅማል፣ የፊተኛው ማነስ ደግሞ መሪው ሲዞር ቦታ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ለተራው ካሬራ ከፍሬኑ ፍላጎት በላይ የሆነ ቸርኬ በተጨማሪ ክፍያ መሸጡን በምሕንድስና ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል። ትልቅ ቸርኬ ይከብዳል፣ ለማሽከርከርም ለማቆምም ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። ይህን ፋብሪካው ራሱ ያውቀዋል፤ ለ2018ቱ 911 ጂቲ3 አርኤስ ያቀረበው የማግኒዚየም ቸርኬ 11.5 ኪሎ ግራም ያህል ያስቀንሳል ብሎ ለብቻው አስከፍሎበታል።

ዛሬ የ911 ባለቤት መጠን ሲመርጥ ነጻነቱ ጠባብ ነው። በ1989 አራቱንም ጎማ የሚነዳው ካሬራ 4 ከመጣ ወዲህ በዚህ ዓይነት መኪና የፊትና የኋላ ጎማ ቁመት የተወሰነ ዝምድና መጠበቅ አለበት፤ ዝምድናው ከተዛባ ኃይሉን የሚያከፋፍለው ክፍል ሁልጊዜ ተንሸራታች መንገድ ላይ ያለ እየመሰለው ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ያልቃል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው መሣሪያና የፍጥነት መለኪያውም የሚያነቡት የጎማውን ዙር ነው። ፖርሼ ፈትኖ ያጸደቀው ጎማ ጎኑ ላይ «ኤን» ፊደልና ቁጥር ይታተምበታል። ጎሚስታው መጠኑን ብቻ ሳይሆን ይህን ምልክትም አይቶ አራቱን አንድ ዓይነት ማድረግ ይጠበቅበታል።

የቆዩትን መኪናዎች የያዙ ሰዎች ችግር ሌላ ነው፤ ለ15 ኢንች ቸርኬ ፈጣን ጎማ የሚሠራ እያነሰ ሄደ። ፒሬሊ ለአርኤስ ዘመን መኪናዎች የሚሆነውን ቺንቱራቶ ሲኤን36 እና ፒ7ን በጥንቱ መልክ፣ በአዲስ ላስቲክ እንደገና የሚያመርተው ለእነሱ ነው።

ፖርሼ ራሱም በ2022 አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል። በጎረቤት ኬንያ በ1978 ሳፋሪ ራሊ ሁለተኛ የወጣውን 911 እና በ1984ና በ1986 የፓሪስ ዳካር ድሎችን መታሰቢያ ያደረገው 911 ዳካር ከካሬራ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ቸርኬው ከፊት 19፣ ከኋላ 20 ኢንች ብቻ ነው። የኋላው ጎማ 295/40 ሲሆን ጎኑ 118 ሚሊ ሜትር አለው፤ ይህም ከ1970ዎቹ የ185/70 እና የ215/60 ጎማዎች ጎን በ11 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ያንሳል።