የሰማዩ ጠላትና የምድሩ አርበኛ

የጦርነት ፊልም ደስ ይላል፤ ይህን የሚክድ ተማሪ ካለ ከእኛ ወገን አይደለም። ጠላት ከሰማይ ሲወርድ፣ ከተማ እንደ ገለባ ሲነድ፣ በመጨረሻም ተስፋ የቆረጠው ሁሉ ሲነሳ ማየት ልብ ያሞቃል። በ1988 ዓ.ም. የወጣው «ኢንዲፔንደንስ ደይ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ከነዚህ አንዱ ነው። ፊልሙን ልንነቅፍ አልተነሳንም፤ ወደነዋል። የተነሳነው ታሪኩን ልናቃናለት ነው። የምናቃናበትም መሣሪያ ሩቅ አይደለም፤ የጎንደር ታሪክ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከህዋ የመጡ ፍጡራን ከተማ የሚያህሉ መርከቦቻቸውን በታላላቅ ከተሞች አናት ላይ ያቆሙና ያቃጥሏቸዋል። ሚሳይሉም የኒውክሊየር ቦምቡም አይነካቸውም። በሦስተኛው ቀን ሁለት አሜሪካውያን ከጠላት በተማረከች መንኮራኩር ወደ እናት መርከቡ ገብተው የኮምፒውተር ቫይረስ ይለቁበታል። የጠላት መከላከያ ይፈርሳል፤ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ተዋጊ አይሮፕላን ይዞ ይገጥማል። የቀረው ዓለምስ? የቀረው ዓለም በረሃ ላይ ቁጭ ብሎ ከአሜሪካ የሞርስ መልእክት ይጠብቃል፤ ሲደርሰው እፎይ ብሎ ይነሳል። እንዴ! እስከዚያ ድረስ ሌላው ሕዝብ ምን ይሠራ ነበር? ጥያቄያችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ምንጭ ከየት እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ የማርስ ፍጡራን እንግሊዝን ሲወሩ የሚያሳየውን ልብ ወለድ በመጽሐፍ ያወጣው በ1890 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ገና ሲጀምር አውሮፓውያን በታዝማኒያ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት ያነሳል፤ በሌላው ላይ ያደረግነው በእኛ ላይ ቢደርስስ ማለቱ ነው። የዌልስ ማርሳውያን መርዘኛ ጥቁር ጭስ ይረጫሉ። በመጨረሻ የሚገድላቸው ግን ሰው ሳይሆን የምድር ጀርም ነው። የ1988ቱ ፊልም ጀርሙን በኮምፒውተር ቫይረስ ተካው። እንግዲህ በሁለቱም ዘንድ ተወራሪው የሚድነው ተአምር በሚመስል ነገር እንጂ በረጅም ትግል አይደለም።

ዌልስ በብዕር የጻፈውን የእኛ አያቶች በቆዳቸው አይተውታል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉይና ላይ ከኢጣልያ ታንኮች ጋር ተገናኘ። ፀረ-ታንክ መሣሪያ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሆኖም የታንኩ መትረየስ ወደ ፊት እንጂ እንደ ልብ የማይዞር መሆኑን ተዋጊው ወዲያው ተረዳ፤ በጎንና በኋላ እየዞረ፣ ላዩ ላይ እየወጣ ያዘው። ይህ ከየትኛው ፊልም ያንሳል? ሳምንት ያህል ቆይቶ የጠላት አይሮፕላን በተከዜ አካባቢ የሰናፍጭ ጋዝ መጣል ጀመረ። ጥቁሩ ጭስ ልብ ወለድ መሆኑ ያበቃው ያን ጊዜ ነው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ፤ በማግስቱ መጋቢት 23 የስታራቼ ጦር ጎንደር ገባ።

በፊልሙ ሕግ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። ጎንደር ላይ ግን ዋናው ታሪክ ገና መጀመሩ ነበር። እንግዲህ ማሻሻያዎቻችንን እናቅርብ።

አንደኛ፣ ጊዜው ይርዘም። ሦስት ቀን አይበቃም። ወራሪው ከተማውን ይያዝ፣ ቤት ይሥራ፣ መንገድ ይጥረግ፤ ጣሊያን ፒያሳን እንደ ሠራ፣ ሊማሊሞን እንደ ጠረገ። ከመንገዱና ከምሽጉ ወጣ ሲል ግን አገሩ የሌላ ሰው ይሁን። በአርማጭሆ አሞራው ውብነህን የመሰሉ አርበኞች የያዙት አገር እንዲህ ያለ ነበር።

ሁለተኛ፣ ባንዳ ይግባበት። በፊልሙ የሰው ልጅ ሁሉ በአንድ ሌሊት አንድ ልብ ይሆናል። ይህ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። የእኛ ጦርነት ወንድም ከወንድም የተላለቀበት ጭምር ነበር። «ባንዳ» የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያን ለአገሬው ጭፍሮቹ የሰጠው ስም ሆኖ ሳለ በእኛ አፍ ስድብ ሆኖ ቀረ። ከባንዳው ጎን ደግሞ የውስጥ አርበኛው ይታይ፤ ቀን ለጠላት እየሠራ ማታ ጥይትና ወሬ ወደ ጫካ የሚያሻግረው። ከዚህ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ገጸ ባሕርይ ደራሲ ከየት ያመጣል?

ሦስተኛ፣ ስንቅ ይታይ። ጀግናው ምን በላ? ማን ፈጨለት? ቤቷ እንደሚቃጠል እያወቀች እህል የደበቀችው ባላገር በፊልሙ ውስጥ ቦታ የላትም። እሷ ባትኖር ግን አምስት ዓመት ቀርቶ አምስት ሳምንት የሚዋጋ አይገኝም ነበር።

ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ፈጽሞ አላሰቡትም አንልም። በ2008 ዓ.ም. በወጣው ተከታይ ፊልም አንዱ መርከብ አፍሪካ ውስጥ አርፎ ሕዝቡ ለዓመታት በምድር ላይ ተዋግቶ እንደ ጨረሰው ይነገራል። ተዋጊውም ጠላትን ከኋላ መምታት እንደሚገባ ያውቃል፤ ልክ እንደ ደምበጉይና ሰዎች። ታዲያ ይህ ሁሉ በጥቂት ቃል ተነግሮ ይታለፋል! ከሁለቱ ፊልሞች ምርጡ ታሪክ ያልተቀረፀው ነው።

አራተኛውና ዋናው መጨረሻው ነው። ድል የማን ነው? ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ግን ገና በጠላት እጅ ነበረች። የወልቀፊት ምሽግ ከወራት ከበባ በኋላ በመስከረም 1934 እጁን ሰጠ፤ ቁልቋል በር ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት ወደቀ፤ ኅዳር 18 ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ። አገሩ «አምስት ዓመት» ሲል የጎንደር ቁጥር አምስት ዓመት ከስምንት ወር ግድም ነው። በብዙ የእንግሊዝ መጻሕፍት ይህ የእንግሊዝ ድል ነው፤ አርበኛው ግን አጃቢ ሆኖ ይታያል። ልክ እንደ ፊልሙ፣ ሞርሱ እስኪደርስ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ይመስላል።

ይሁንና ፍርዱ በእኛም ላይ ይድረስ። ቁልቋል በርና ጎንደር ላይ ከአርበኛው ጋር ከኬንያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የመጡ ወታደሮች ሞተዋል። እነሱም ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር ያሉ፣ ነፃነት የሌላቸው፣ ለእኛ ነፃነት የወደቁ ሰዎች ናቸው። በእኛ ትረካ ውስጥ ስማቸው የት አለ? ሆሊውድ እኛን እንደ ረሳን እኛም እነሱን ረስተናል። ስለዚህ በእኛ ፊልም መጨረሻ ላይ ንግግር የሚያደርግ ፕሬዚዳንት አይኑር። አርማጭሆዬው፣ ኬንያዊውና እህል የደበቀችው ሴት በአንድ ሜዳ ይታዩ፤ ማን ማንን አዳነ የሚለውን ተመልካቹ ይፍረድ።

የዚህ ታሪክ ባለቤቶች እያለቁ ነው። ሆሊውድ ማሻሻያችንን ተቀብሎ እንደማይቀርፅ እናውቃለን። ነገር ግን እያንዳንዳችን በመጪው የዕረፍት ጊዜ አገር ቤት ስንገባ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ይዘን «ያን ጊዜ ስንቁን ማን ያቀብል ነበር?» ብለን ብንጠይቅና ብንጽፍ፣ ድርሰቱ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።